ከዳዊቱ ማኅደር የወጡ ደረሰኞች

በገጠር የአንድ ማሳ ምርት ሲቀንስ ከሽማግሌውም ከወጣቱም አፍ የሚሰማው ቃል አንድ ዓይነት ነው። «ዱሮ ይህ መሬት ለም ነበር፤ ዘር በትነው ቢተዉት እንኳ ያበቅል ነበር፤ አሁን ግን አረጀ» ይባላል። አባባሉ በየስብሰባው የሚነሣ በመሆኑ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቆ በኤክስቴንሽን ሥራ ከተሰማራ ወዲህ ይህን ቃል ያልሰማበት ቀበሌ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የአባባሉን እውነትነት ለማጣራት የቻልኩት በሌላ ሰው ማሳ ላይ ሳይሆን፣ ቅድመ አያቴ ባረሱትና ዛሬ አጎቴ በሚያርሱት ማሳ ላይ ነው።

ማሳው የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደጋማ ቀበሌ ውስጥ ነው። ስፋቱ ሁለት ጥማድ ያህል ሲሆን፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ቤተሰቡ «ላይ ማሳ» እያለ ይጠራዋል። ገብስና ባቄላ እየተፈራረቁ ይዘሩበታል። መካከሉን አቋርጠው የሚያልፉ ሦስት የድንጋይ ካቦች አሉት፤ አንደኛው ግን ከግማሽ በላይ ፈርሷል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አውድማው ሲጠራ ከላይ ማሳ የተገኘው ገብስ ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነበር። አጎቴም ቆረጡ። የቀሩትን ካቦች አፍርሰው ድንጋዩን ለልጃቸው ቤት መሠረት ሊያውሉት፣ ማሳውን በሙሉ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት አሰቡ።

የአጎቴ ምክንያት እንዲያው የሚናቅ አልነበረም። ማዳበሪያ ተወዷል። ካቡ የአይጥ መኖሪያ ሆኗል፤ በሬ ለማዞርም ያስቸግራል። ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ለአጣናና ለማገዶ ደርሶ ገንዘብ ያስገኛል። «መሬቱ አርጅቷል። በቅድመ አያትህ ጊዜ ለም ስለነበረ ነው ያበላቸው» ሲሉ ነገሩኝ። እኔም በትምህርት ቤት ስለ አፈር መከላት የተማርኩትን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ነገር ግን በገዛ ቤተሰቤ ፊት የቆምኩ ወጣት በመሆኔ ቃሌ ብዙም አልከበደም።

ነገሩን የለወጠው አያቴ ያወጡት የቆየ ወረቀት ነው። አያቴ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። የእኛን ክርክር ዝም ብለው ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ፣ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የዳዊት ማኅደር አውርደው ሰጡኝ። «ማንበብ የምትችለው አንተ ነህ፤ እስቲ ሰውየው የተዉትን አንብብልን» አሉኝ። በማኅደሩ ውስጥ ከብራናው ዳዊት ጋር ተጣጥፈው የተቀመጡ፣ ጭስ ያጠቆራቸው ዐሥራ ሰባት የመሬት ግብር ደረሰኞች ተገኙ። የመጀመሪያው የ1937፣ የመጨረሻው የ1966 ዓ.ም. ነው።

ደረሰኙ ምን ይላል?

ለወጣት አንባቢዎች ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ሸዋን ጨምሮ በበርካታ ጠቅላይ ግዛቶች የተለካውን መሬት በሦስት ደረጃ መድቦት ነበር። እነሱም ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ይባሉ ነበር። በአንድ ጋሻ፣ ማለት አርባ ሄክታር ያህል በሚሆን መሬት ላይ ግብርና አሥራቱ ተደምሮ የሚከፈለው ለለም 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ ደግሞ 15 ብር ነበር። ኋላም የትምህርትና የጤና ግብር ተጨመረበት። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ።

ቅድመ አያቴ ከወንድሞቻቸው ጋር የሚገብሩበት መሬት ሩብ ጋሻ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ተጽፏል። በ1937 ዓ.ም. የከፈሉት 3 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። መሬቱ ለም ተብሎ ቢሆን ኖሮ 12 ብር ከ50 ሳንቲም በተከፈለበት ነበር። የደረጃው ስምም በግልጽ ሰፍሯል፤ «ጠፍ» ይላል። በቤተሰባችን ሲወራ የኖረው «ለም መሬት» በመንግሥት መዝገብ ላይ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጠፍ ነበር ማለት ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ባነበብኩ ጊዜ አጎቴ ሳቁ። «ይህማ ብልሃት ነው! ግብር እንዳይበዛባቸው ጠፍ አስባሉት» አሉ። አያቴም በበኩላቸው አጎቴን የሚደግፍ ትዝታ ጨመሩ። ገማቾች የመጡ ለታ አያቴ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አንድ ሙክት መታረዱንና ለእርሳቸውም ኩላሊቱ እንደ ደረሳቸው እስከ ዛሬ አይረሱትም። እንግዲህ ሙክቱ ደረጃውን ዝቅ አድርጎት ይሆን? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። የግብር ደረሰኝ የሚመሰክረው ስለ ተከፈለው ገንዘብ እንጂ ስለ አፈሩ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። በመሆኑም ሌላ ምስክር መፈለግ አስፈለገ።

በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደሚደረገው ሁሉ፣ በዚህ ዳዊት መጨረሻ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ የልደትና የሞት ቀኖች ተጽፈዋል። ቅድመ አያቴ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። የሚጽፍላቸው ዲያቆን የነበረው የአያቴ ታላቅ ወንድም ነው። በዘመድ ልደትና ሞት መካከል ስለ እርሻው የተጻፉ ጥቂት አጫጭር መስመሮች አሉ። ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ከአያቴ ጋር ሆነን አንድ ቀን ሙሉ ፈጅተን አነበብናቸው። ስለ ላይ ማሳ የሚናገሩት በቅደም ተከተል ሲቀመጡ ይህን ይመስላሉ።

በ1938 ዓ.ም. በላይ ማሳ ላይ ጓይ ተቃጠለ። በ1939 ዓ.ም. ሰባት ዳውላ ገብስ ተገኘ። በ1940 ዓ.ም. ሦስት ዳውላ ተገኘ። በ1941 ዓ.ም. ማሳው ጦም አደረ፤ ጎርፍም አፈሩን ወሰደው። በ1942 ዓ.ም. የላይ ማሳ ካብ ተጀመረ። ከዚያ ብዙ ዓመት ዘልሎ በ1956 ዓ.ም. ስድስት ዳውላ ገብስ እንደተገኘ ተጽፏል።

ጓይ ምን እንደሆነ የደጋ ገበሬ ያውቀዋል። ጦም አድሮ የቆየ መሬት ከታረሰ በኋላ የደረቀው ጓል እየተከመረ፣ በመካከሉ ኩበት እየገባበት ይቃጠላል። አመዱና የተቃጠለው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ያስደስታል። ምክንያቱም በሙቀቱ ኃይል ለሰብሉ የሚሆን ፎስፎረስ ከአፈሩ ውስጥ ለጊዜው ይፈታል። ነገር ግን የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጂን አብሮ ይቃጠላል። አፈሩም እንደ አሸዋ ይልማል። ከዚህ የተነሣ ከአንድና ከሁለት አዝመራ በኋላ መሬቱ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ጦም ማደር ነበረበት።

እንግዲህ በቤተሰባችን ዘንድ «ቅድመ አያታችሁ መሬት አያያዝ የሚያውቁ ሰው ነበሩ» እየተባለ ሲነገረን ኖሯል። እውነት ነው፤ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ያወቁት ተሳስተው ነው። አፈሩን አቃጠሉት፤ አንድ ዓመት ጠገቡ፤ በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ ወሰደባቸው፤ በአራተኛው ዓመት ድንጋይ መካብ ጀመሩ። ትዝታ ካቡን አስቀርቶ ጓዩን ጥሎታል። አያቴ ይህ ሲነበብ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ጓዩን አስታውሰዋለሁ። ጭሱ ቀን ከሌት ነበር። ግን የአባት ስሕተት አይወራም» አሉ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ያልጠየቅኋቸውን ሁሉ ያወሩልኝ ጀመር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት ወር ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ወንዱ ትልልቁን ድንጋይ ያንከባልላል፣ ልጆች ጠጠሩን ይለቅማሉ። በአንድ ዓመት የሚካበው ጥቂት ክንድ ብቻ ነበር። ከብቶቹ በበጋ የሚያድሩበት በረት በየጥቂት ሳምንቱ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ማሳውን እንዲያዳርስ ይደረግ ነበር። ክረምት ሲገባ የውሃ ማስወገጃው ፈሰስ ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን አግድም፣ ቁልቁለቱን በጥቂቱ ብቻ እየተከተለ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ የግብር ደረሰኝ አይናገርም።

ሦስተኛው ምስክር

ደረሰኝና ትዝታ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አፈሩ ግን በቦታው አለ። በመሆኑም በማግስቱ ዶማ ይዘን ወደ ላይ ማሳ ወጣን። ከካቡ በላይ በኩል ባለው ደረት ላይ ጉድጓድ ስንቆፍር ቋጥኙ የተገኘው ከአንድ ክንድ ተኩል በኋላ፣ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ሥር የበዛበትና የተሰባበረ የሸክላ ስባሪ የተቀላቀለበት ነበር። የሸክላው ስባሪ ከቤት ጥራጊና ከፍግ ጋር ተደፍቶ የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለማወዳደር ካብ የሌለው ማሳ አስፈለገን። በዚያው ተዳፋት፣ በዚያው ከፍታ ላይ ያለው የጎረቤታችን ማሳ ነበር። ከእነዚህ ጎረቤቶቻችን ጋር ግን በድንበር ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ተኳርፈናል። እዚህ ላይም የረዳን ዳዊቱ ነው። በ1945 ዓ.ም. በተጻፈው መስመር ላይ የቅድመ አያቴ ቀይ በሬ መሞቱና በዚያ ዓመት መቀናጆ የገቡት ከእነዚሁ ጎረቤቶቻችን ቅድመ አያት ጋር መሆኑ ተመዝግቧል። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ በጋራ ጠምደው ሁለቱንም ማሳ አርሰዋል።

ይህ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው በክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ሲጨርስ ገበሬው በዶማ ለመቆፈር ተገዶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ለአርአያነት ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ያን ዘመን ያየ አባት ልጁን «በሬህን ከጎረቤትህ በሬ አትለይ» ብሎ ማሳደጉ የሚያስደንቅ አይደለም።

አጎቴ መስመሩን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያም ራሳቸው ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄዱ። የድንበሩ ጉዳይ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን ጉድጓዱን እንድንቆፍር ፈቀዱ፤ የራሳቸውን ቤተሰብ የቆየ ደረሰኝም አውጥተው አሳዩን። የእነርሱም መሬት «ጠፍ» ተብሎ ተመድቧል። ከወንዙ ዳር ያለው የሌላ ቤተሰብ መሬት ግን «ለም ጠፍ» ነው። ሙክት ያላረደ ቤተሰብ የለም ቢባል እንኳ፣ ገማቾቹ ተዳፋቱን ከወንዙ ዳር ለይተው ማየታቸው ግልጽ ነው። በጎረቤታችን ማሳ ላይ ቋጥኙ የተገኘው ከአንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ማለት ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ነው።

እርግጥ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከካቡ በላይ የተጠራቀመው አፈር በከፊል ከራሱ ከማሳው የላይኛው ጫፍ ታጥቦ የወረደ ስለሆነ፣ በዚያኛው ጫፍ አፈሩ የሳሳ ነው። ስድስቱ ዳውላና ሦስት ኩንታል ተኩሉም በቀጥታ የሚነጻጸሩ አይደሉም። በእኛ አገር ሽማግሌዎች አቆጣጠር አንድ ዳውላ ሃያ ቁና ቢሆንም ስፍሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዳዊት ላይ የሚጻፈውም ብዙውን ጊዜ የተለየ ዓመት ነው፤ መካከለኛውን ዓመት ማን ይጽፈዋል? ያም ሆኖ ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ነገር ይስማማሉ። መሬቱ ከጥንትም ለም አልነበረም። ጠፍ ነበር፤ በስሕተትም የባሰ ጠፍ ሆኖ ነበር። ለም ያደረገው የዐሥራ አራት ዓመት ካብ፣ ፍግና ፈሰስ ነው።

ሳይጠየቁ የቀሩት

በዚህ ሁሉ መካከል የአያቴ እኅት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። ማታ ላይ «ፍጉን ማን ተሸክሞት የወጣ ይመስላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። በረቱ በማይደርስበት በማሳው የላይኛው ጫፍ አመድና ፍግ በቅርጫት ተሸክመው ይበትኑ የነበሩት የቅድመ አያቴ ባለቤትና ሴቶች ልጆቻቸው ናቸው። ዘር የሚመርጡትም እርሳቸው ነበሩ። ገና ነዶው በአውድማ ላይ ሳለ ዛላው ያማረውን ለብቻ አስቀርተው፣ አድርቀውና አመድ ቀላቅለው ነቀዝ እንዳይገባበት በጎታ ያኖሩት ነበር። ነጩን ገብስ ለእንጀራ፣ ጥቁሩን ለጠላ፣ ቶሎ የሚደርሰውንና ለቆሎ የሚሆነውን ሰነፍ ቆሎ ደግሞ ለነሐሴና ለመስከረም ችግር እየለዩ ያስቀምጡ ነበር።

በደረሰኞቹ ላይ የእርሳቸው ስም የለም። በዳዊቱም ላይ የተጻፈው የሞቱበት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም የሚይዝ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ትንሽ ለውጥ እንዳልሆነ ይገባናል።

ዘሩ ተመዝግቦ ዘሪው የቀረበት

የዘር ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ መጥቀሱ ይጠቅማል። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባሉ ታዋቂ የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጥተው የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎች ዘር ሰብስበው ሄደዋል። ኢትዮጵያንም በዓለም ካሉት የሰብል መገኛ ማዕከሎች መካከል መድበዋታል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ገብስን የሚያቀጭጭና የሚያቢጫ ቫይረስ የሚቋቋም ዘረ መል ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። ዘረ መሉም በካሊፎርኒያ ለሚዘራው ገብስ ማሻሻያ ውሏል። በአገራችንም የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ማዕከል ተቋቁሟል፤ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይከናወናል።

ያን ገብስ ከአዝመራ አዝመራ እየመረጠ ያቆየው ተመራማሪ አልነበረም። እንደ ቅድመ አያቴና እንደ ባለቤታቸው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ለምን ያን ዘር እንደመረጡ፣ በየትኛው ማሳ ላይ እንደዘሩት፣ በስንተኛው ቀን እንደደረሰላቸው የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ይህ እውቀት ግን በአብዛኛው አብሯቸው ተቀብሯል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለዚህ ነው።

ማኅበራት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የቆየ ደረሰኝ ዛሬ የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ማንሻ አይሆንም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር። የገበሬ ማኅበራትም በ20 ጋሻ፣ ማለት በ800 ሄክታር ክልል እንዲቋቋሙ የተደረገው በዚሁ አዋጅ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ «የአያቴ ደረሰኝ ተገኝቷል» ብሎ የጎረቤቱን ማሳ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ መሪዎች ይህን ከወዲሁ ሊያስረዱት ይገባል። የወረቀቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ ማሳው እንዴት እንደተያዘ ያስተምረናል።

ሕዝቡ ዛሬም ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» እያለ ነው የሚጠራው። በዚህ ስም የሚጠሩ መሪዎች ሁሉ ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ። በመጀመሪያ በቀበሌያቸው ያሉትን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸውን ወንዶችና ሴቶች መለየት ነው። ቀጥሎም ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት መድቦ ማሳ በማሳ እየዞሩ ማነጋገር ነው። በቤት ውስጥ ተቀምጦ «የዱሮ እርሻ እንዴት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ «ጥሩ ነበር» ይላል። ካቡ ላይ ቆሞ «ይህን ማን ካበው? ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ግን የዓመታት ታሪክ ያወጣል።

ዓመቱን ለማወቅ ሽማግሌውን በቁጥር ማስጨነቅ አያስፈልግም። ከማይጨው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው? መሬት ከመታወጁ በፊት ነው? ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ነው? እያሉ በሚታወቅ ነገር ማያያዝ ይበቃል። ስለ መልካሙ ዓመት ብቻ ሳይሆን ስለ ስሕተቱም መጠየቅ ያሻል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና። ሴቶችን ለብቻቸው ማነጋገር ተገቢ ነው። ደረሰኝ፣ የዳዊት ጽሑፍ፣ የማኅበር መዝገብ ቢገኝ ለባለቤቱ እንዲመለስ ሆኖ መገልበጥ አለበት። በመጨረሻም ትዝታውንና ወረቀቱን ከአፈሩ ጋር ማስተያየት ነው፤ ለዚህም አንድ ዶማና ሁለት ጉድጓድ ይበቃሉ።

ከዚህም ሌላ የዛሬው ገበሬ የራሱን መዝገብ መጀመር ይኖርበታል። የታረሰበትና የተዘራበት ቀን፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል ፍግና ማዳበሪያ እንደገባ፣ ስንት እንደተመረተ በአንድ ደብተር ላይ ቢጻፍ በየዓመቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ምክር ሲሰጥ በግምት ሳይሆን በማሳው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ እንዲሆን ይረዳዋል። ይህን የምለው ራሴንም ጭምር ለመውቀስ ነው። ዳዊቱ እስኪነበብ ድረስ እኔም ለላይ ማሳ የምሰጠው ምክር በወረዳው ላሉት ማሳዎች ሁሉ ከምሰጠው የተለየ አልነበረም።

የላይ ማሳ ዕጣ

በመጨረሻ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። አጎቴ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «እንዲህ ከሆነማ ያረጀው መሬቱ ሳይሆን ካቡ ነው» አሉ። ነገር ግን የባሕር ዛፉን ሐሳብ ጨርሰው አልተዉትም፤ ያለመተዋቸውም ትክክል ነበር። ፍጉ ወደ ማሳ የማይወጣው ኩበት ሆኖ ስለሚነድና ስለሚሸጥ ነው። ሌላ ማገዶ ሳይኖር «ኩበት አታንድዱ» ማለት ለባለቤታቸው «ምግብ አታብስሉ» ማለት ነው። በመሆኑም ባሕር ዛፉ ከማሳው ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆነው ድንጋያማ የገደል አፋፍ ላይ እንዲተከል፣ እርሱ ደርሶ ማገዶ እስኪሆን ድረስም ከኩበቱ ቢያንስ ግማሹ ለላይ ማሳ እንዲቀር ተስማሙ። ለልጃቸው ቤት መሠረት የሚሆነው ድንጋይ ከወንዙ ዳር እንዲመጣ ተወሰነ።

የፈረሰው ካብ በዚያው ዓመት በጥር ወር በሁለት ቀን ደቦ ታደሰ። ከመጡት ሰዎች መካከል የተኳረፍናቸው ጎረቤታችንና ሁለት ልጆቻቸው ነበሩ። የራሳቸውንም ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ለመካብ አስበዋል፤ ብድሩን ለመመለስ እኛም እንገኛለን።

በአንድ ክረምት ብቻ የሚታይ ውጤት ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ቅድመ አያቴ እንኳ ስድስት ዳውላ ያሉት በዐሥራ አራተኛው ዓመት ነው። አጎቴ ግን ከገበያ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝተው መጥተዋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በ2017 ዓ.ም. የላይ ማሳ ካብ ታደሰ» ይላል። ደብተሩም ከዳዊቱ ማኅደር ጎን፣ በዚያው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል።